ቋሚ ቀን ያለው ግጥሚያ ለሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች

በኮዬ ፈጬ አቅራቢያ፣ በቂሊንጦ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከጎረቤቱ ቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የፍጥነት መንገድም 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እኅት ተቋሙ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ከተማ ያደርሳል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ተቋማት በየዓመቱ በቋሚ ቀን የእግር ኳስ ግጥሚያ እንዲያደርጉ ይሞግታል፤ ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ ነውና።

በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣ ብሔር ተኮር ግጭት የተማሪዎች ሕይወት አልፏል፤ ትምህርትም ተስተጓጉሏል። ከብዙ ምክንያቶች አንዱ እምብዛም አልተወሳም። አብዛኛው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚገባው በምደባ በመሆኑ የግቢውን ስም «የእኔ» ለማለት ይቸገራል። ወጣት ደግሞ ያለ ወገን አይኖርም፤ ተቋሙ ወገን ካልሆነው የትውልድ መንደሩን ወገን ያደርጋል።

የአሜሪካ የጦር ኃይልና የባሕር ኃይል አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ1890 በጀመሩት የአሜሪካን ፉትቦል ፉክክር ይታወቃሉ። ጨዋታው ሲያበቃ ሁለቱ ቡድኖች አብረው ቆመው መጀመሪያ የተሸናፊውን፣ ከዚያም የአሸናፊውን መዝሙር ይዘምራሉ። ፉክክሩ የከረረ ቢሆንም ሥርዓቱ ልክ አበጅቶለታል።

ስታዲየሞቻችንም ብሔር ተኮር ስድብና ጠብ አስተናግደዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ ጣጣ የሚመጣው ማልያ የብሔር ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ነው። በአንጻሩ የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ፉክክር አንድን ቤት ለሁለት ከፍሎ ማታ በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል።

ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ይመቻሉ፤ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና የሰጡ ናቸውና፣ ወድዶና ተፈትኖ የገባ ተማሪ በግቢው ስም ለመኩራት ምክንያት አለው። አስተናጋጅነቱ በየዓመቱ ይፈራረቅ፤ በሩም ለአካባቢው ነዋሪ ይከፈት። በ2011 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ የወሰንና የይዞታ ጥያቄ የተነሣባት ኮዬ ፈጬ፣ የአርሶ አደሩ ልጅና የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ለአንድ ቡድን የሚጮኹበት ሜዳ ያስፈልጋታል። ግጥሚያው የመሬትን ጥያቄ አይፈታም፤ ጥያቄው የሚነሣባቸውን ሰዎች ግን ያስተዋውቃል። ለዚህም አውቶቡስ፣ ኳስና በሁለቱ ሴኔቶች የጸደቀ አንድ ቀን ይበቃል።