ዕቃን በመኪና ስለ መጫን

ተማሪም ሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት የሚለቅበት ቀን አያጣም። አንዱን ዝውውር ያነሣዋል፤ ሌላውን የቤት ኪራይ ያባርረዋል፤ ተማሪውም ትምህርቱን ሲጨርስ ፍራሹንና መጻሕፍቱን አስሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚያ ቀን ብዙዎቻችን የምንከራየው ከኋላዋ ክፍት የሆነችውን ፒክአፕ መኪና ነው። ኪራዩ በምልልስ ቁጥር የሚታሰብ ስለ ሆነም አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ በርሜሉና የጤፉ ኩንታል ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲያልቅ እንፈልጋለን። እኔም ባለፈው ዓመት ይህንኑ አደረግሁ። ዛሬ ስለ ጭነት ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ቀን በፈጸምሁት ስሕተት ምክንያት ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። መኪናዋ ከነሹፌሩና ከአንድ ረዳት ልጅ ጋር በጧት ደረሰች። ቁም ሣጥኑ እንዳይላላጥ ብዬ ፍራሹን ከታች አነጠፍሁና ሣጥኑን ከላዩ አቆምሁት። ልጁ፣ «ጋሼ፣ ገመድ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነበረኝም። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ዳሩ ግን ቸኩዬ ነበርና፣ «መንገዱ ቅርብ ነው፤ አንተ ከላይ ሆነህ በእጅህ ደግፈው» አልሁት። ልጁም እሺ ብሎ ወጣና በቁም ሣጥኑና በጋቢናው መካከል ቆመ። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥሁ።

ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ስንደርስ አህዮች በድንገት መንገዱን አቋረጡ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ቆመች፤ ቁም ሣጥኑ ግን አልቆመም። የልጁ ክንድ በሣጥኑና በጋቢናው መካከል ተይዞ ተሰበረ። የጤፉም ከረጢት ተቀዶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ጤፉንስ እንደ ምንም ለቀምነው። ለገመድ ያላወጣሁትን ገንዘብ ብዙ እጥፍ አድርጌ ለሕክምና ከፈልሁ። ይሁንና በጀሶ የታሰረው ክንድ የእኔ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ የማስተምረው ትምህርት ፊዚክስ መሆኑ ነው። በዋዜማው ዓርብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ ነበር። ኒውተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሌላ ኃይል ካላገደው በያዘው ፍጥነትና አቅጣጫ ይቀጥላል። ፍሬን የሚይዘው ጎማውን እንጂ ጭነቱን አይደለም። ጭነቱን የሚይዘው ማሰሪያው ወይም የሚደገፍበት ግድግዳ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ ብትቆም፣ 80 ኪሎ የሚመዝን ቁም ሣጥን አብሯት እንዲቆም የ60 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ሊይዘው ይገባል። ከወለሉ ጋር ያለው ፍትጊያ ጥቂት ያግዛል፤ በፍራሽ ላይ የቆመ ረጅም ሣጥን ግን ከመንሸራተት ይልቅ ይገለበጣል። እኔ ይህን ሁሉ የጣልሁት በአንድ ልጅ ክንድ ላይ ነው። ልጁም በዚያች ቅጽበት እንደ ሣጥኑ ወደ ፊት ይወረወር ነበርና ደጋፊው ራሱ ደጋፊ ያስፈልገው ነበር።

እንግዲህ ዕቃ የሚጭን ሰው አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ክብደቱን ነው። መኪናዋ የምትችለው ልክ በሊብሬዋ ላይ ተጽፏል። ብዙዎቹ ፒክአፖች የሚችሉት 10 ኩንታል ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በጋቢና የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም ከዚሁ ይቀነሳሉ። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ቢመዝኑ ወደ 3 ኩንታል የሚጠጋው በእነርሱ አለቀ ማለት ነው። ዓይን ደግሞ በክብደት ነገር ያታልላል። 200 ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል ከ2 ኩንታል በላይ ነው። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ 10 ኩንታል ይሞላል፤ ሲጫን ግን የመኪናዋን ወለል እንኳ የሸፈነ አይመስልም። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ ከ15 ኩንታል ያልፋል፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ገና ቦታ አለ» ማለት «ገና ትችላለች» ማለት አይደለም። ጎማዎቹም ከጉዞ በፊት ለሙሉ ጭነት የተወሰነላቸውን ያህል አየር መሞላት አለባቸው።

ሁለተኛው ነገር አቀማመጥ ነው። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ፣ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። ከባዱ ወደ ጭራዋ ከሄደ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ቢሆን፣ ከኋላው ጎማ አንድ ሜትር አልፎ የተቀመጠ 300 ኪሎ ዕቃ ከፊቶቹ ጎማዎች ላይ 100 ኪሎ ያነሣል። መሪው እንደ ልብ አልታዘዝ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ማሰሪያው ነው። በአሜሪካ ለጭነት መኪናዎች የወጣው ደንብ፣ ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት ከአሥር ስምንት እጅ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ደግሞ ግማሹን የሚያህል ግፊት እንዲችል ያዛል። የ100 ኪሎ ዕቃ ማሰሪያ እንግዲህ 80 ኪሎ መቻል አለበት ማለት ነው። ሲባጎ ለዚህ አይሆንም። ገመዱ በመኪናዋ አካል ላይ ካሉት ማሰሪያ ቀለበቶች እንጂ ከሌላ ዕቃ ጋር አይታሰር፤ ዕቃው በንዝረት ሲረጋ ገመዱ ይላላልና ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቆሞ ማጥበቅ ይገባል። ፍራሽ ቀላል ነው ተብሎ ሳይታሰር መቅረት የለበትም፤ ነፋስ አንሥቶ ከኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ይጥለዋል።

ጭነት የያዘ መኪና ቀስ ብሎ መሄድም አለበት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ እስከ ድልድዩ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየያዘ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል። ብልህ ሹፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል።

አባቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች ይህን ትምህርት ያለ ጥቁር ሰሌዳ ያውቁት ነበር። የአጋሰሱን ጭነት በግራና በቀኝ ሳይመዛዝኑ፣ በመጫኛ አጥብቀው ሳያስሩ አይነሡም ነበር፤ ካልሆነ ጀርባው ይገጠባል፤ ጭነቱም ዞሮ ገደል ይገባል። አህያም ብትሆን ሲበዛባት ትተኛለች። መኪና ግን ከበደኝ አትልም። ጭነቱ እንደ በዛባት የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከአደጋው በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ አንባቢዎቼን የምለምነው በጭነት ላይ ሰው እንዳያስቀምጡ ነው። ረዳቱ ልጅ «እችላለሁ» ይላል፤ የእንጀራው ጉዳይ ነውና አልችልም አይልም። ስለዚህ እምቢ ማለት ያለብን እኛ አከራዩን የምናዝዘው ሰዎች ነን። በጋቢናው ቦታ ከሌለ የታክሲውን ሒሳብ እንክፈልለት።

የልጁ ክንድ ድኖ ዛሬ ወደ ሥራው ተመልሷል። ባለፈው ሰሞን መንገድ ላይ አገኘኝና ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የጠየቀኝ፣ «ጋሼ፣ ገመድ ገዙ?» ብሎ ነው። ገዝቻለሁ። ያው ከበሬ ጀርባ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ቤት የሚለቅ ወዳጅም መጥቶ ሊዋሰው ይችላል።