ሳሎን የገባው ጥቁር ሰሌዳ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የአዲስ አበባ ወላጆች ሳይወዱ በግድ አስተማሪ ሆኑ። በብዙ ቤት የተያዘው ሥራ ግን በቴሌግራም የመጣ ወርክሺት ማስገልበጥ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ከ1 እስከ 100 ደጋግሞ ይጽፋል፤ ሽሮው ስንት ጭልፋ ውሃ እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም። ዛሬም ያው ነው።

ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አብቅሎ በየጠዋቱ በክር የሚለካ ልጅ ቁጥርም ሳይንስም ይማራል። ባቄላው ከዘገየ ትምህርቱም ይዘገያል፤ ምን ቸገረ?

«ወላጅ ሥራ እየዋለ ማን ያስተምር?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጅን ጨርሶ ከትምህርት ቤት ማስቀረት (ጓደኛም ማሳጣት ነው) ከጥቂቶች በቀር አይሆንም። ቡና ሲለቀም ልጁን አጠገብ አስቀምጦ ፍሬውን አስር አስር ማስደርደር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ሞግዚቷም ትችለዋለች፤ «የቤት ሥራውን አስጨርሺው» ብቻ ካልተባለች።