የሐኪም ምስል በ«ፎቶ» አይላክ



ባለፈው ሴሚስተር የአንድ ወንድማችን እናት ታመው ደሴ ላይ ሲቲ ስካን ተነሡ። ሲዲውን ይዘው መካነ ሰላም ተመለሱ። ልጃቸው በላፕቶፕ ከፍቶ፣ ስክሪኑን በስልክ አንሥቶ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም በቴሌግራም ላከ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ከዚህ ምንም ማለት አልችልም፤ ዋናውን ላክልኝ።» ዋናው 150 ሜጋባይት ነው። ኔትወርካችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። እናታችን ሳምንት ሙሉ ጠበቁ።

አንድ የሲቲ ስካን ቁራጭ 512 በ512 ነጥብ አለው። ነጥቡ በ2 ባይት ሲቀመጥ ቁራጩ ግማሽ ሜጋባይት ይሆናል፤ 300 ቁራጭ ደግሞ 150። እያንዳንዱ ነጥብ እስከ 4096 የግራጫ ደረጃ ሊለይ ሲችል፣ ተራ የስልክ ፎቶ የሚለየው 256 ብቻ ነው። ቴሌግራምም በ«ፎቶ» የተላከለትን አሳንሶ፣ ዓይን አያስተውለውም ያለውን ይጥላል። ለሠርግ ፎቶ ግድ የለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ያንኑ የተጣለውን ሊሆን ይችላል።

ሳይጥሉ ማሳነስ ይቻላል። ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች ብዙውን ጊዜ ተቀራራቢ ናቸው። 1000፣ 1002፣ 1003፣ 1003 ብሎ ሁሉን ከመጻፍ፣ በ1000 ጀምሮ ልዩነቱን ብቻ 2፣ 1፣ 0 ማለት ይበቃል። ለሚደጋገሙት ትናንሽ ቁጥሮች አጭር ኮድ ይሰጣል፤ ተቀባዩ መልሶ ሲደምር አንዲት ቢት አትጎድልም። ጄፔግ-ኤልኤስ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ዳይኮም የተባለው የሕክምና ምስል ደረጃም ይቀበለዋል። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል። «ምንም ሳልጥል ወደ አንድ ሃያኛ አወርደዋለሁ» የሚል ካለ ግን በደንብ ይጠየቅ።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎቻችን ሆይ፣ የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ቆጥረን መጨረስ አልቻልንም። ሲዲውን ተቀብሎ፣ ሳይጥል አሳንሶ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ለምን የመመረቂያ ሥራ አይሆንም? ሲዲ ይዞ የሚንከራተተው የቦረናና የሳይንት ዘመዳችን ነው።

እስከዚያው ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ በ«ፋይል» ላኩ፤ ዚፕም ምንም አይጥልም። ዳይኮም ፋይል ውስጥ የታማሚው ስምና የልደት ቀን አብሮ ስለሚቀመጥ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፤ የሰው ገመና አማና ነው። የወንድማችን እናት ምስልም በመጨረሻ ዚፕ ሆኖ፣ ዋይፋዩ በሚቀልበት ሌሊት ሄደ። ሐኪሙ በማግስቱ ደወለላቸው።