ጥቅስ መልቀም ጥናት አይደለም

በአርባ ምንጭ ከሲቀላ ወደ ሴጫ ሽቅብ ስትወጡ ከአንዱ ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ ኤርምያስ 29፥11ን ማንበባችሁ አይቀርም። ያው ጥቅስ ማለዳ ማለዳ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ በምረቃ ካርድ ላይ ይታተማል፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ «የዓመቱ ቃሌ» ተብሎ ይወሰዳል። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰላም ሐሳብ እንዳለው የሚናገር ውብ ቃል ነው። ከእሱ በላይ ያለውን ዐሥረኛውን ቁጥር ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ዐሥረኛው ቁጥር ሰባ ዓመት ይላል። ምዕራፉ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። በመካከላቸው ነገሩ ቶሎ ያልፋል እያሉ የሚያጽናኑ ነቢያት ነበሩ። ኤርምያስ ግን ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ፣ እነዚያን ነቢያት አትስሙ ብሎ ጻፈላቸው። ደብዳቤው ሲነበብ ጎልማሳ የነበሩት አብዛኞቹ የተስፋውን ፍጻሜ በዓይናቸው የሚያዩ አልነበሩም። ምዕራፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው መታገሥን ይማራል፤ ቁጥሩን ብቻ ለቅሞ የሄደ ግን ሥራው፣ ትዳሩ ወይም ቪዛው ለዘንድሮ እንደተቆረጠለት ያስባል። ዓመቱ ባዶውን ሲያልፍ ቅር የሚሰኘው በእግዚአብሔር ነው። የችኮላ ተስፋን የሚገሥጽ ደብዳቤ የችኮላ ተስፋ ማሰራጫ ሆኗል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ፊልጵስዩስ 4፥13ም ከዚህ የተሻለ ዕጣ አልገጠመውም። ጳውሎስ በእስር ቤት ሆኖ መጥገብንም መራብንም እንደለመደ ተናግሮ ያስከተለው ቃል ለፈተና ማለፊያና ለንግድ መክፈቻ ይጠቀሳል።

ቃሉን በየዕለቱ ማንበብ ለመንፈሳዊ ብስለት ግድ ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። የምቃወመው «ጽሞና አድርገሻል?» ስትባል «አዎ፣ የዛሬው ጥቅስ ደርሶኛል» ብላ የምትመልስ አማኝ አድርገን ወጣቶቻችንን ማሳደጋችንን ነው። ከመሠረተ ክርስትና ትምህርት ሲመረቁ አንድን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብበው የማያውቁ አሉ። ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደተመሠረቱ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ከወላይታ ሲያስወጣቸው የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። በእጃቸው የቀረው የማርቆስ ወንጌልና በቋንቋቸው የተተረጎሙ ጥቂት ምንባቦች ናቸው። ማንበብ የሚችለው ጥቂቱ ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ የሰማውን በቃሉ ይዞ ለጎረቤቱ ይናገራል። ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው አማኞች ወደ 10,000 ይጠጉ ነበር። የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተራሮች የተሻገሩትም ከዚሁ ሕዝብ መካከል ወጥተው ነው። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው። እነሱ 16ቱንም ኖሩበት፤ እኛ 66 መጻሕፍት በስልካችን ይዘን በቀን ከአንድ መስመር አናልፍም።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ በምዕራፍ 5 መጨረሻ ላይ ብስለትን የሚለካው በዕውቀት ብዛት አይደለም። የበሰለ የሚለው መልካሙንና ክፉውን በመለየት ልቡናው የሠለጠነውን ሰው ነው። ሥልጠና ደግሞ ምቾትን ይነሣል። ለዕለት ጥቅስ የሚመረጠው ግን የሚያጽናናው፣ የሚባርከው፣ የሚያሻግረው ብቻ ነው። ስለ ደመወዝተኛ ጩኸት የሚናገረው የያዕቆብ 5 መጀመሪያ በአበባ ሥዕል ላይ ተጽፎ ሲላክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለ በቀል የሚናገረው የሮሜ 12 መጨረሻስ?

በበቀል ነገር አርባ ምንጭ ፈተናውን አይታዋለች። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግፍ መፈጸሙ ሲሰማ ወጣቶች ደም ለመመለስ ተነሡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አባቶች ያቆሙት በጋሞ የዕርቅ ሥርዓት ነው፤ ክብሩም የዚያ ሥርዓት ነው። ከወጣቶቹ መካከል በየጠዋቱ ጥቅስ የሚደርሰው አልነበረም ብሎ የሚምል ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ዓመቱን ሙሉ የተላከለት ጥቅስ ቁጣው በገነፈለበት ሰዓት ካላቆመው ምን ሲመግበው እንደከረመ ልንጠይቅ ይገባናል።

«ሰው ሩጫ ላይ ነው፤ ከምንም አንድ ጥቅስ ይሻላል» የሚሉኝ ወንድሞች አሉ። የፊልጵስዩስ መልእክት አራት ምዕራፍ ናት፤ ድምፅን ከፍ አድርገው ቢያነቧት ከሩብ ሰዓት ብዙም አትዘልም። አንድ የቤት ኅብረት ወር ሙሉ እሷን ብቻ ቢያነብ፣ በየቀኑ ደጋግሞ፣ ምን ይጎድልበታል? ከጨንቻ ደጋ ወርደው ከተማ ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ እናቶችስ ጥናቱ ለምን በአማርኛ ብቻ ይሆናል? አዲስ ኪዳን በጋሞኛ አለ። የሚያነብላቸው የልጅ ልጅም አይጠፋም።

ለቀማው ደግሞ ከስንፍና የከፋ ጉዳት አለው። ምዕራፍ የማያነብ ጉባኤ ለሚገዛው ሰው ይመቻል። «ቃል አለኝ» ብሎ የሚነሣ አገልጋይ ግማሽ ቁጥር ጠቅሶ፣ የቀረውን ግማሽ ከራሱ ጨምሮ፣ ስጦታ አሰብስቦ የሚወርደው ሌላው ግማሽ የት እንዳለ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ኤርምያስ አትስሟቸው ያላቸው ዓይነት ነቢያት የኤርምያስን ቁጥር ይዘው መድረክ ይወጣሉ፤ «አሜን!» ይባልላቸዋል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ ነገሩ እንዲህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ 17 ልበ ሰፊዎች አላቸው እንጂ ሐዋርያን ደፈሩ አላለም። እኛ ዘንድ ግን «ፓስተር፣ ከቁጥሩ በፊት ያለው ምን ይላል?» ብላ የጠየቀች እኅት መንፈስ የምትቃወም ተደርጋ ትታያለች። መሪዎቻችን ምእመኑ እንዲበስል ከልባቸው የሚፈልጉ ከሆነ ስብከታቸውን ሲጨርሱ መጽሐፉን ሳይዘጉ ጥያቄዋን ይቀበሉ።