ራሱን የረሳ ተዋናይ የለም

የአንድ ተውኔት ምረቃ ባለፈ ማግሥት የጥበብ ዓምዶቻችንን የገለጠ ሰው አንዲት ሐረግ ሳታጋጥመው አትቀርም፤ «ተዋናዩ ራሱን ረስቶ ገጸ ባሕርዩን ሆነ»። ሙገሳ መሆኑ ነው። እኔ ግን ስድብ ነው እላለሁ። ስድብ ብቻ ሆኖ ቢቀርም ባልከፋ፤ ሰው የሚጎዳ ስድብ ነው።

እስቲ እናስበው። ኦቴሎን የሚጫወተው ሰው በእውነት ራሱን ቢረሳ ኖሮ፣ ደዝዴሞናን ለምትጫወተው ሴት በየሳምንቱ ለቅሶ በተቀመጥን ነበር። ትንፋሿን የሚያፍነው እጅ የት ላይ መላላት እንዳለበት የሚያውቅ፣ መብራቱ ያረፈበትን ቦታ የሚለካ፣ የአዳራሹን ዝምታ የሚያዳምጥ አንድ ንቁ ሰው እዚያው ውስጥ አለ።

ፈረንሳዊው ዲዴሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተከራክሮበታል። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1830 በታተመው ድርሰቱ፣ ታላቅ ተዋናይ የሚያስለቅሰን ራሱ ስላለቀሰ ሳይሆን የለቅሶን መልክ አጥንቶ ስለያዘ ነው ይላል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ እንባው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የስሜትን እውነት አጥብቆ ያስተማረው ሩሲያዊው ስታኒስላቭስኪ እንኳ ልጓም የሌለው ስሜት አልሰበከም።

ሩቅ መሄድስ ለምን? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ ምስክር ነው። አሁን ፊታውራሪ መሸሻ ነው፤ ወዲያው ጉዱ ካሣ፤ ጥቂት ቆይቶ ሰብለ ወንጌል። ራሱን ረስቶ ፊታውራሪውን ሆኖ ቢቀር ኖሮ ገጹን ማን ሊገልጥለት ነበር?

«ዛር የሰፈረበትስ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህንኑ ሲከታተል ቆይቶ፣ በ1958 የዛርን ነገር ከቴአትር ጋር ያዛመደ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛርም ቢሆን ስም አለው፣ ጠባይ አለው፣ የሚወደው ልብስ አለው፤ ያለ ደንብ አይመጣም። ልዩነቱ ባለዛሩ «እኔ አልነበርኩም» ማለቱ ነው። ተዋናይ ግን ላደረገው ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ጉዳቱን ላሳይ። ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ወጣት የሰካራም ቦታ ተሰጠው። አዘጋጁ «ሁነው እንጂ አትምሰለው» ብሎ ቀማምሶ እንዲገባ መከረው። የመጀመሪያው ምሽት ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። በሦስተኛው ሳምንት ቃለ ተውኔቱ ጠፋበት፤ የመድረኩ ሰካራም ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባ። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ።

የስሕተታችን ሥር ሰውን እንደ አንድ ወጥ ድንጋይ መቁጠራችን ነው። አለቃችን ፊት፣ ለቅሶ ቤት፣ አማቶቻችን ዘንድ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን እንዴ? አይደለንም። ይህን ሁሉ መለዋወጥ ከውስጥ ሆኖ የሚታዘብ «እኔ» ግን አለ። እኛ ሳናውቀው የምናደርገውን ተዋናይ እያወቀ ያደርገዋል። ያንን ታዛቢ ግደለው ማለት ጥበቡንም ሰውየውንም ግደል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐያስያን ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ማመስገን ካማራችሁ እንዲህ በሉ፤ «ራሱን ሳይረሳ እኛን ራሳችንን አስረሳን»።