የእትብት ደም ለማን ይሁን?

አገራችንን ስንጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። ባለፈው ዓመት ታናሽ እኅቴ በሆስፒታል በተወለደች ጊዜ ግን እትብቷም እንግዴ ልጁም ከዚያው ቀርቶ ተጣለ፤ አያቴም ብዙ ቀን አዘኑ። በዚሁ ምክንያት ስለ እትብት ማንበብ ጀመርሁና አንድ አሳብ ስላደረብኝ ላቀርበው ደፈርሁ።

በእትብትና በእንግዴ ልጅ በሚቀረው ደም ውስጥ የደም ሕዋሳትን ሁሉ የሚያፈሩ ግንድ ሕዋሳት ይገኛሉ። መቅኔው ደም መሥራት ላቃተው በሽተኛ በደም ሥሩ ቢሰጡት፥ ወደ አጥንቱ ገብተው አዲስ ደም ያፈሩለታል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ. ም. ፋንኮኒ በሚባል የደም ማነስ የታመመ የ5 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ወደ ፓሪስ ተወሰደ። በዚያም በሴን ልዊ ሆስፒታል ኤልያን ግሉክማን የተባሉት ሐኪም የታናሽ እኅቱን የእትብት ደም ሰጡት። ደሙ እኅቱ በተወለደች ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ተቀድቶ፥ በብርድ ረግቶ፥ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። ልጁም ድኖ አደገ።

ክርክሬ ግን ከዚህ ይጀምራል። በውጭ አገር አንዳንድ ኩባንያዎች ወላጆችን «የልጃችሁን ደም ለራሱ እናስቀምጥላችሁ» እያሉ በየዓመቱ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጁ በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ቢይዘው፥ የገዛ እትብቱ ደም ያንኑ ጉድለት ይዞ ይገኛልና ምን ይፈይድለታል? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 ደሙ ለሁሉ ለሚያገለግል የሕዝብ ባንክ ቢሰጥ እንደሚሻል መክሯል። (የታመመ ወንድም ወይም እኅት በቤት ካለ ነገሩ ሌላ ነው።) በሕዝብ ባንክ ያለ ደም ለሚስማማው በሽተኛ ሁሉ ይደርሳል፤ መመሳሰሉም እንደ መቅኔ ጥብቅ አይደለም። በአሜሪካ ጥቁር በሽተኞች የሚስማማቸውን ሰጪ ለማግኘት ከነጮች ይበልጥ ይቸገራሉ። እንግዲህ በዚያ የሚወልዱ ኢትዮጵያውያት እናቶች ቢሰጡ፥ የሚያድኑት የማያውቁትን የወገን ልጅ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከሕፃኑ መንጠቅ ነው» ይሉኛል። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት እትብቱ ከ1 ደቂቃ በፊት እንዳይታሰር የሚመክረው ሕፃኑ ድርሻውን እንዲያገኝ ነው። መጀመሪያ ለሕፃኑ ይሁን፥ የቀረው ለሌላው። የሚቀረውም አንድ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው፤ ስለዚህ ለትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሕፃናት ደም ይፈለጋል።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ባወራላቸው «ደሙን ከቀዱ በኋላ እትብቱን ይመልሱልናል ወይ?» አሉኝ። ለባንክ የሚፈለገው ደሙ ብቻ ነው፤ እትብቱን ለባለቤቱ መመለስን የሚከለክል ምክንያት እኔ አላገኘሁም።