ማፍሰሻውን የዘጋ ሰው ውኃ አላጠራቀመም፣ ጎርፍ ነው ያስቀመጠው

ዛሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አላወራም። ክረምቱ ሊገባ ነውና ሳይረፍድ ልከራከራችሁ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ነሐሴ የአንድ አርሶ አደር የአፈር ግድብ ልጎበኝ ሄድኩ። ሰውዬው ጎበዝ ናቸው፤ በራሳቸው ገንዘብ ዶዘር ተከራይተው ነው ያሠሩት። ስደርስ የትርፍ ውኃ ማፍሰሻውን አሸዋ በሞላ ጆንያ ዘግተውታል። ውኃው ከግድቡ አናት ሊደርስ የቀረው አንድ ስንዝር ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይከፈት» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ እግዜር የሰጠኝን ውኃ ልታስደፋኝ ነው? መሬቱ የኔ፣ ብሩ የኔ፣ አንተን ምን አገባህ?» አሉኝ። ከግድቡ በታች ሦስት ቤቶች አሉ። ከአንዱ ጭስ ይወጣ ነበር። ጆንያዎቹ እስኪነሱ ድረስ እስከ ማታ ተጨቃጨቅን።

እውነት ነው፣ መሬቱ የእሳቸው ነው። ግድቡ ሲፈርስ ግን ውኃው ወሰን አይቶ አይቆምም፤ የጎረቤት ቤት ነው የሚገባው። ስለዚህ አዎ፣ ያገባኛል። እናንተም ከግድብ በታች የምትኖሩ ከሆነ ያገባችኋል።

«የኔ እኮ ትንሽ ናት» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ አብረን እናስላ። ርዝመቷ 40 ሜትር፣ ስፋቷ 20 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቷ 2 ሜትር ቢሆን 1,600 ሜትር ኩብ ውኃ ትይዛለች። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 10 ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ 16,000 ኩንታል መሆኑ ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ መኪና 40 ጊዜ ማለት። ይሄ ሁሉ በአንዴ ወደ ታች ሲወርድ ትንሽ ትሉታላችሁ?

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የደረሰውን አስታውሱ። በናኩሩ አውራጃ ሶላይ በምትባል ቦታ፣ ፓቴል ተብሎ የሚጠራ የግል እርሻ የአፈር ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የመንግሥት ግድብ አልነበረም፤ የሰው እርሻ ላይ ያለ የግል ግድብ ነው።

«ማፍሰሻ ውኃ ያባክናል» የሚለውን ክርክር ግን ከሁሉም በላይ አልቀበለውም። ማፍሰሻውን ዘግታችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ውኃ ያዛችሁ እንበል። በበጋ ከኩሬ ላይ ፀሐይና ነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳሉ። በሁለት ወር 30 ሳንቲ ሜትር! የጎረቤትን ልጆች አደጋ ላይ ጥላችሁ ያተረፋችሁትን ውኃ፣ ሽንኩርታችሁ ሳይደርስ ፀሐይ ጠጣችው ማለት ነው። ውኃ ከፈለጋችሁ ግንቦት ላይ ኩሬው ሲደርቅ ደለሉን አውጡ። የተጠረገ ደለል ያንኑ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰጣችኋል፤ ማንንም አይገድልም። ከሥር ያለውን ውኃ የሚይዘውን ሸክላ ግን እንዳትበሱት።

የአፈር ግድብ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። ውኃ በአናቱ ከፈሰሰ የኋላ ጀርባውን ይቦረቡረዋል፤ ከዚያ በኋላ አካፋ ይዞ መሮጥ ዋጋ የለውም። «ይኸው አራት ክረምት ቆማለች» ማለትም ማስረጃ አይሆንም። አራቱ ክረምት ከባዱን ዝናብ አላመጡም ይሆናል፤ አምስተኛው ሊያመጣው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ ባለሙያዎቹ ልምጣ። እኔን ጨምሮ ሪፖርት ላይ የምንጽፈው «ይህን ያህል ኩሬ፣ ይህን ያህል ግድብ ተሠራ» ብለን ነው። ስንቱ ማፍሰሻ አለው ተብለን ተጠይቀን አናውቅም፤ እኛም አንጽፍም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመቴ ማፍሰሻ የሌለውን ቆጥሬ አስገብቻለሁ፤ ያፍረኛል። ከእንግዲህ ማፍሰሻ የሌለው ግድብ በኔ ሪፖርት ግድብ ተብሎ አይቆጠርም። ባልደረቦቼ፣ እናንተስ?

እንግዲህ ሐምሌ ሳይገባ እነዚህን እዩ፦

1. ማፍሰሻው በጎን በኩል፣ በተፈጥሮ ጠንካራ መሬት ላይ ይሁን እንጂ በተደለደለው አፈር ላይ አይሁን። ድንጋይ ይነጠፍበት ወይም ሰርዶ ይትከልበት። ስፋቱ የሚወሰነው ከላይ በሚመጣው ጎርፍ ስለሆነ የወረዳውን የመስኖ ባለሙያ ሳታማክሩ አትቆፍሩ።

2. የግድቡ አናት ከማፍሰሻው ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል። አዲስ አፈር ይሰምጣልና አናቱን በየዓመቱ ለኩ።

3. አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ እርጥበት እያገኘ፣ በደንብ እየተጠቀጠቀ ይሠራ። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

4. ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይሆናል። የጃርትና የፍልፈል ጉድጓድ ካያችሁ ቶሎ ድፈኑ።

5. ከግድቡ ጀርባ የሚሰርገው ውኃ ጥርት ያለ ከሆነ ተከታተሉት። ደፍርሶ ከመጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። መጀመሪያ ከታች ያሉትን ሰዎች አስነሱ፤ ቀጥሎ ወደ እኛ ደውሉ።

6. ዙሪያውን እጠሩት። ልጆች ለዋና ከብትም ለውኃ ዘው ብለው የሚገቡበት ኩሬ ባይፈርስም ይገድላል።

ግድብ አትሥሩ እያልኩ አይደለም። ሽንኩርት፣ ችግኝ፣ የከብት ውኃ፣ የንብ ቀሰም፣ ሁሉም በሱ ይገኛል። እኒያ ጋሼም ማፍሰሻውን ክፍት አድርገው ዘንድሮ ሽንኩርት ሸጠዋል። ከታች ያሉት ሦስቱ ቤቶችም በሰላም ከርመዋል። ግድብ ሥሩ፣ ግን ከሥራችሁ ያለው ጎረቤት ማታ ተኝቶ እንዲያድር አድርጋችሁ ሥሩ።

መልካም ክረምት።